የጥቅል ጎመን ውሃ ቀለም መቼ ይታመናል?

ጥያቄ፦ ከልጆች ጋር የቤት ውስጥ ፈሳሾችን አሲድነት ለማየት ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ውሃውን በየብርጭቆው ጨመርን። ኮምጣጤው ቀይ፣ ቤኪንግ ሶዳው ሰማያዊ ሆነ፤ እስከዚህ ጥሩ ነበር። በረኪናው ግን ለቅጽበት አረንጓዴ ታየና ወዲያው ውሃ መሰለ። የቧንቧ ውሃው ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል ስንል ወደ ሰማያዊ ሄደ። ወተትና ኮላ ደግሞ ጨርሶ አልለይ አሉን። የተሳሳትነው የት ላይ ነው? ከቀለሙ ተነስቶ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ቁጥር መናገርስ ይቻላል?

ምላሽ፦

ካነሷቸው ነገሮች አብዛኞቹ ስህተት አይደሉም። በረኪናው ቀለሙን አጠፋው እንጂ ገለልተኛ አልሆነም። የቧንቧ ውሃም 7 (የገለልተኛ ፈሳሽ ቁጥር) ላይ የመቆም ግዴታ የለበትም። ወተቱና ኮላው የራሳቸው ቀለም ስላላቸው ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ቁጥር መናገርም ይቻላል፤ ነገር ግን የሆነ ቦታ ታትሞ ከተገኘ የቀለም ሰንጠረዥ ጋር በማስተያየት አይደለም። ሰንጠረዡ የተሠራው በሌላ ጎመን፣ በሌላ ውሃ፣ በሌላ ብርሃን ነው። አስተማማኙ መንገድ ፒኤቻቸው በሚታወቅ ፈሳሾች፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው የጎመን ውሃ የራስዎን ማነጻጸሪያ ረድፍ መሥራት ነው። አሠራሩን ከታች በዝርዝር አስቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ ቢያውቁ ኋላ የሚመጡት ችግሮች ራሳቸው ይገለጡልዎታል።

ቀለሙን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። አሲድ ሲበዛ ሞለኪውሉ የሃይድሮጂን አዮን (ፈሳሽን አሲድ የሚያደርገውን ቅንጣት) ተሸክሞ ቀይ ይሆናል። አሲዱ እየቀነሰ ሲሄድ አዮኑን ይለቅና ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ይሆናል። ቤዙ (የአሲድ ተቃራኒው) ሲጠነክር የሞለኪውሉ ቀለበት ይከፈትና ቢጫ ውህድ መፈጠር ይጀምራል። አረንጓዴ ሆኖ የምናየው በአብዛኛው የቀረው ሰማያዊና የተፈጠረው ቢጫ ሲደባለቁ ነው። ስለዚህ ከሰማያዊ ወደ ቀይ መመለስ ቀላል ሲሆን፣ አንዴ ጥርት ያለ ቢጫ የሆነ ናሙና ግን አሲድ ቢጨመርበትም ወደ ቀድሞው ድምቀቱ አይመለስም፤ ቀለሙ ተበላሽቷል።

በግርድፉ ከ2 እስከ 3 ቀይ፣ በ4 አካባቢ ሮዝ፣ ከ5 እስከ 7 ወይን ጠጅ፣ በ8 ሰማያዊ፣ ከ9 እስከ 10 ሰማያዊ አረንጓዴ፣ በ11 አረንጓዴ፣ ከ12 በላይ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ይህ አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ነው። አመልካቹ (የጎመኑ ውሃ) በሁሉም ቦታ እኩል ንቁ አለመሆኑንም ይያዙልኝ። ከ2 እስከ 4 እና ከ7 እስከ 11 ባለው ክልል ለውጡ በዓይን ይታያል። ከ4.5 እስከ 6.5 ባለው ግን ሮዝ ያደላ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ያደላ ወይን ጠጅ ከመባል በቀር ብዙ ልዩነት የለም፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። በዚህ ክልል ውስጥ “5.3 ነው” የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ፒኤች የሚለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። አንድ ቁጥር መውረድ ማለት የሃይድሮጂን አዮን ክምችት 10 እጥፍ መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ በ2.4 እና በ3.4 መካከል ያለው ርቀት በቁጥር ትንሽ ቢመስልም በፈሳሹ ውስጥ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ለአንድ ቀን ሥራ 100 ግራም ቅጠል ይበቃል። ጠቆር ያለውን የውጭ ቅጠል ይምረጡ፣ ነጩንና ወፍራሙን አገዳ ይተዉት። በቀጭኑ ከትፈው 250 ሚሊ ሊትር የፈላ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ያፍሱበትና ከድነው 10 ደቂቃ ያቆዩት። እሳት ላይ ረጅም ጊዜ ማንተክተክ አያስፈልግም፤ ቀለሙን አይጨምርም፣ ሽታውን ግን ያባብሰዋል። ከዚያ በወንፊት፣ ቀጥሎም በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉት። በጨርቅ ካጠለሉ ጨርቁ ሳሙና እንዳልቀረበት ያረጋግጡ፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ጨርቅ ብቻውን ውሃውን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል። ከመጠቀምዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ አንቶሲያኒን ሲሞቅ ቀለሙ ይሳሳል።

ውሃው ዲስቲልድ ይሁን ያልኩት ለወጉ አይደለም። የቧንቧ ውሃ በተለይ ከባድ ከሆነ ባይካርቦኔት አለው፤ ሲፈላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚወጣ ይበልጥ ወደ ቤዝነት ያዘነብላል። በእንዲህ ያለ ውሃ የተዘጋጀ የጎመን ውሃ ገና ከመነሻው ሰማያዊ ነው፣ ደካማ አሲድ ሲገባበትም ለውጡን ያዘገየዋል። ዲስቲልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ከገዙ መለያውን በደንብ ያንብቡ፤ ለባትሪ የሚሞላ ውሃና የባትሪ አሲድ በሚመሳሰል ዕቃ ሊቀመጡ ይችላሉ፣ አሲዱ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

የድስቱም ነገር እንዲሁ ነው። አሉሚኒየምና ብረት ከአንቶሲያኒን ጋር ተጣብቀው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውህድ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያዩት ሰማያዊ ከፒኤች ይምጣ ከድስቱ አይታወቅም። ብርጭቆ፣ ሸክላ፣ ኢናሜሉ ያልተላጠ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይጠቀሙ። ማፍላት ካልፈለጉ የተከተፈውን ቅጠል በፍሪዘር በረዶ አድርገው ከዚያ ሲያቀልጡት የቅጠሉ ሕዋሳት ስለሚፈነዱ በቀዝቃዛ ውሃም ጥሩ ቀለም ይለቃል።

የማነጻጸሪያው ረድፍ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፤ የውጤቱ ጥራት የሚወሰነው እዚህ ነውና። የሚያስፈልግዎ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ የሚል መለያ ያለው ቀለም አልባ ኮምጣጤ (አቼቶ)፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ እስከ ግራም ክፋይ የሚለካ ሚዛን፣ መርፌ የሌለው 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ ከሶዳው ጋር ደረቅ አሲድና ስታርች ስላለ ውሃ ሲነካው ራሱን በራሱ ያረክሳል (አሲዱና ቤዙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ)፣ ፈሳሹም ደፍራሽ ይሆናል። በማሸጊያው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻ መጻፉን ይመልከቱ።

ከቤኪንግ ሶዳ በተጨማሪ ጠንከር ያለ ቤዝ ያስፈልጋል፤ እሱም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ከሌለዎት ራስዎ ይሥሩት። 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በማይዝግ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለ1 ሰዓት ያቆዩት። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። መጨረሱን የሚነግርዎ ሚዛኑ ነው፦ 10 ግራሙ ወደ 6.3 ግራም መውረድ አለበት። 7 ወይም 8 ላይ ከቆመ አልጨረሰም፣ ይመልሱት። ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና በደረቅ ማንኪያ እንጂ በጣት አይንኩት።

ረድፉ እነሆ፦

ሀ. ኮምጣጤው እንዳለ፦ ፒኤች 2.4 ገደማ።
ለ. 1 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ በ99 ሚሊ ሊትር ውሃ፦ 3.4 ገደማ።
ሐ. 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ከ3.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጋር፦ 4.7 ገደማ።
መ. 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ከ6.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጋር፦ 5.5 ገደማ።
ሠ. 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፦ 8.3 ገደማ።
ረ. 2.1 ግራም ቤኪንግ ሶዳና 2.65 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት በ1 ሊትር ውሃ፦ 10።
ሰ. 1 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፦ 11.4 ገደማ።

“ለ”ን ሲያዩ 100 ጊዜ የቀጠነ ኮምጣጤ ለምን በ2 ቁጥር ሳይሆን በ1 ብቻ እንደወጣ ሊገርምዎ ይችላል። አሴቲክ አሲድ ደካማ አሲድ ነው፤ አብዛኛው ሞለኪውል አዮኑን ሳይለቅ ይቀመጣል፣ ውሃ ሲጨመርበት ግን ከያዘው ላይ ተጨማሪ ይለቃል። ስለዚህ 10 ጊዜ ሲቀጥን ፒኤቹ የሚጨምረው በግማሽ ቁጥር ያህል ነው። ለማነጻጸሪያ የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልኬትዎ ትንሽ ቢዛነፍ ቁጥሩ ብዙም አይንቀሳቀስም።

“ሐ” የረድፉ ምሰሶ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ኮምጣጤን ሙሉ በሙሉ ለማርከስ 7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ 3.5 ግራሙ ግማሹን ብቻ ያረክሳል። ግማሹ አሲድ ግማሹ ጨው ሲሆን ፈሳሹ ቁጥሩን አጥብቆ ይይዛል፣ በቀላሉ አይነቃነቅም። ቤኪንግ ሶዳውን በትንሽ በትንሹ፣ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ ይጨምሩ። ከ3.5 ግራም ብቻ 1 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣል፤ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አይሞክሩት፣ ይፈነዳል። አረፋው ከቆመ በኋላም እያማሰሉ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ “መ”ን ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ቢያሞቁትና ቢያቀዘቅዙት ይሻላል፣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አሲድ ይጎትተዋልና። “መ” ከሁሉም ይበልጥ ለስህተት የተጋለጠ ነው። ኮምጣጤው 5 ሳይሆን 5.2 በመቶ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ እንደ ግምት ይያዙት።

በ“ሠ” የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፤ ቤኪንግ ሶዳን በሙቅ ውሃ ያሟሙታል። ሲሞቅ ከፊሉ ወደ ካርቦኔት ስለሚለወጥ በ8.3 ፋንታ ወደ 9 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ የጎመኑ ውሃም በሰማያዊ ፋንታ አረንጓዴ ያሳያል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ በዕለቱ የተሠራ። መጠኑ ግን አያስጨንቅ፤ ሚዛን ባይኖርዎት አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ያው ቁጥር ላይ ያርፋል።

በ5.5 እና በ8.3 መካከል ክፍተት እንዳለ አስተውለው ይሆናል። 7ን በዲስቲልድ ውሃ መሙላት ያምራል፣ ግን አይሆንም። አየር የነካው ዲስቲልድ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠጣ ወደ 5.6 ይወርዳል፤ ከዚህም በላይ ለውጥን የሚቋቋም ምንም ነገር ስለሌለው ጠብታ የጎመን ውሃ ሲገባበት የጎመኑን ፒኤች ይይዛል። የሚያሳይዎ ቀለም የአመልካቹ የራሱ ቀለም ነው። ይህን ክፍተት በትክክል ማየት ከፈለጉ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠው የብሮሞታይሞል ብሉ መፈተሻ ይሻላል፤ ከ6.0 እስከ 7.6 ባለው ክልል ከቢጫ በአረንጓዴ በኩል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ሙከራው ራሱ አጭር ነው። ተመሳሳይ የሆኑ ግልጽ ብርጭቆዎች ይደርድሩ፣ በሁሉም ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና 1 ሚሊ ሊትር (20 ጠብታ ገደማ) የጎመን ውሃ ያድርጉ። መጠኑ ከብርጭቆ ብርጭቆ ከተለያየ የቀለሙ ጥልቀት ይለያይና ዓይን ያንን የፒኤች ልዩነት አድርጎ ያነበዋል። ሲሪንጁን በየመሐሉ በዲስቲልድ ውሃ ያለቅልቁ፤ አሲዶቹን ከጨረሱ በኋላ ወደ ቤዞቹ ይሂዱ። ከሥር ነጭ ወረቀት ያድርጉና በቀን ብርሃን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ ቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊና አረንጓዴ አይለዩም። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያንብቡ፤ ጠንካራ ቤዝ ውስጥ ያለው ቀለም ከዚያ በኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ፎቶ ካነሱ ናሙናውና ረድፉ በአንድ ምስል ውስጥ ይሁኑ፤ ስልክ በየፎቶው ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክል ሁለት የተለያዩ ፎቶዎችን ማነጻጸር ከንቱ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይላቸው ሰዎች አሉና ከልጆቹ አንዱ ለየት ያለ ነገር ካነበበ አይቆጡት፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ይጻፍ።

የቧንቧ ውሃዎ ሰማያዊ መሆኑ እንግዲህ ግልጽ ነው። ብዙውን ጊዜ የቧንቧ ውሃ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ክልል ውስጥ ይሆናል፤ ወደ ሰማያዊ መሄዱ 8 አካባቢ መሆኑን ቢናገር ነው እንጂ ውሃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ለመጠጥ ይሁን አይሁንም ይህ ሙከራ አይነግርዎም።

ወተት ውስጥ ቀለሙ አለ፣ ነጩ ግን ይሸፍነዋል። አንድ እጅ ወተት በአራት እጅ ዲስቲልድ ውሃ ያቅጥኑት። የወተት ፕሮቲንና ፎስፌት ፒኤቹን ስለሚይዙት በመቅጠኑ ብዙም አይለወጥም። ትኩስ ወተት 6.6 አካባቢ ስለሆነ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ይሰጣል። ሲኮመጥጥ ባክቴሪያው ላክቲክ አሲድ ስለሚያመርት ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ 4.6 አካባቢ ሲደርስ ይረጋል። ከአንድ ወተት በየቀኑ ናሙና ወስዶ ማየት ለልጆች ጥሩ ሙከራ ነው።

ኮላ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ቡናማ ቀለሙና ጋዙ። ጋዙን ብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ደጋግመው በመገልበጥ ያስወጡት፤ አረፋ ካለ ምንም አይነበብም። የኮላን አሲድነት በዋናነት የሚሰጠው ፎስፎሪክ አሲድ ስለሆነ ጋዙ ቢወጣም ፒኤቹ ብዙ አይርቅም። ተራ ጋዝ ያለው ውሃ ግን አሲዱ ጋዙ ራሱ ነው፣ ካወጡት የሚለካ ነገር አይቀርም። ለቀለሙ 10 ጊዜ ያቅጥኑት፤ በዚህ ጊዜ ፒኤቹ እስከ አንድ ቁጥር ገደማ ከፍ እንደሚል እያሰቡ ያንብቡት። ኮላ በመነሻው 2.5 አካባቢ ነው።

ሻይ፣ ቡና፣ ጭማቂና የቀጠነ ኮላ ላይ የሚሠራ የተሻለ ዘዴም አለ። አራት ብርጭቆ ይውሰዱ። በአንዱ ናሙናው ከአመልካች ጋር፣ ከኋላው ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ። በጎን በኩል ከማነጻጸሪያ ረድፉ አንዱ ከአመልካች ጋር፣ ከኋላው አመልካች ያልገባበት ናሙና። ሁለቱን ጥንዶች ከፊት ለፊት ሲያዩ በሁለቱም በኩል የናሙናው የራሱ ቀለም አለ፤ የሚቀረው ልዩነት ከፒኤች የመጣው ብቻ ነው። ሁለቱ ጥንዶች እስኪመሳሰሉ ማነጻጸሪያውን ይቀያይሩ። ላቦራቶሪ ውስጥም ከኤሌክትሪክ መለኪያ በፊት ባለቀለም ናሙና የሚነበበው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነበር። ጥቁር ቡና ግን ሳያቀጥኑት አይሞከርም።

በረኪና። ውስጡ ሶዲየም ሃይፖክሎራይትና ትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ ፒኤቹ ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። የጎመኑ ውሃ ሲነካው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ትክክለኛው ንባብም ያ ብቻ ነው። ከዚያ ሃይፖክሎራይቱ ሞለኪውሉን ኦክሲዳይዝ አድርጎ ይሰባብረዋል፣ ልብስ ላይ ያለውን እድፍ እንደሚያነጣው። መጥፋቱ ገለልተኛ ከመሆን የመጣ አለመሆኑን ለልጆቹ ማሳየት ከፈለጉ ሌላ ጠብታ የጎመን ውሃ ይጨምሩ፤ እሱም ታይቶ ይጠፋል። ቀለሙን ለመመለስ ብለው ኮምጣጤ እንዳይጨምሩበት። በረኪና ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። አደጋው በብዛት የሚመጣው በሙከራው መሐል ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው፦ ሁሉም ብርጭቆ በአንድ ባልዲ ሲገለበጥ። የበረኪናውን ብርጭቆ ለብቻ፣ በብዙ ውሃ አፍስሰው፣ ማስወገጃው በደንብ ከታጠበ በኋላ ሌሎቹን ይድፉ። በእኔ ግምት ልጆች ባሉበት ሙከራ በረኪናን መተዉ ይሻላል፤ ከካርቦኔቱ የማይገኝ የሚያስተምረው ነገር ስለ መንጣት ብቻ ነው። የፍሳሽ ቱቦ መክፈቻና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃም ከረድፉ ይውጡ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ 14 አካባቢ የሚደርስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ሁለተኛው አንዳንዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንዳንዱ በረኪና ነው።

ሳሙና ላይ ልጆቹ የሚደነቁበት ነገር አለ። ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ስለሆነ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ለገለልተኛ ቅርብ ነው፣ ሁለቱም ግን እጅ ላይ እኩል ያሙለጨልጫሉ። የዱቄት ሳሙና ካርቦኔት ስላለበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ኦክስጅን የሚለቅ ማንጫ ካለበት ደግሞ ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ይነጣል። የራሱ ሰማያዊ ቀለም ያለውን ፈሳሽ ሳሙና ሳይጠረጥሩ አያንብቡት። እንቁላል ነጩም ይሞከር፤ እንቁላሉ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ በኩል ስለሚወጣ ነጩ ከ9 በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ከምግብ ውስጥ ቤዝ የሆነ ማግኘት ደግሞ ብርቅ ነው። ዘይት ውስጥ ግን ምንም አይፈልጉ፤ ፒኤች የውሃ ጉዳይ ነው፣ ጠብታው ከሥር ተንከባሎ ይቀመጣል። የጨውና የስኳር ውሃ ቀለሙን እምብዛም አይለውጡም፤ ስለዚህ ሙከራው ጤነኛ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ብርጭቆ የስኳር ውሃ ከረድፉ አይጥፋ።

አንድ ያልጠየቁት ግን ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ኮላና ኮምጣጤ ሁለቱም 2.5 አካባቢ ከሆኑ አሲዳቸው እኩል ነው? አይደለም። ፒኤች አሁን የተለቀቀውን አዮን ይናገራል፣ ፈሳሹ በጠቅላላ የያዘውን አሲድ አይናገርም። ይህን ለማየት 7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አሟሙተው በውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። 5 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ከ1 ሚሊ ሊትር አመልካች ጋር ያድርጉና ሶዳውን በሲሪንጅ እያማሰሉ ይጨምሩ፤ ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ተለውጦ ግማሽ ደቂቃ ሳይመለስ ሲቆይ ያቁሙ። ኮምጣጤው በእርግጥ 5 በመቶ ከሆነ የሚያስፈልገው ሶዳ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 4 ሚሊ ሊትር ከበቃው ኮምጣጤው ወደ 4 በመቶ የቀረበ ነው። ጋዙ የወጣለትን 5 ሚሊ ሊትር ኮላ በዚሁ መንገድ ሲሞክሩት ግን ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማቆሚያውን ስለሚያደበዝዘው ውጤቱን እንደ ግምት ይያዙት።

የተረፈውን የጎመን ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ያቆዩት፤ ሲሸት ወይም ሲያረፋ ይድፉት፣ ባክቴሪያ ገብቶበት ራሱ አሲድ ሆኗል። በበረዶ መሥሪያ ትሪ ካቀዘቀዙት ለወራት ይቆያል። እንዳይበላሽ ብለው ኮምጣጤ አይጨምሩበት። ወረቀት መሥራትም ይቻላል፦ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ጠንከር ባለ የጎመን ውሃ ነክረው፣ በጥላ አድርቀው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ቆርጠው በተዘጋ ብልቃጥ ያስቀምጡ። ወረቀቱ ሲደርቅ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አጠገቡ አይከፈት፤ ትነቱ ብቻውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ወረቀቱ ከፈሳሹ ይልቅ ደብዛዛ ስለሆነ ለማነጻጸሪያ ረድፉም ከዚያው ወረቀት ላይ ጠብታ ያሳርፉ፤ እርጥብ እንዳለም ያንብቡት፣ ሲደርቅ ቀለሙ ሌላ ነው።